መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት መጣ በይ

እህቴ፣ «አሜሪካ ውስጥ ስለ ጤና ሕግ የሚጽፉት የጥናት ተቋማት ገለልተኛ ናቸው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሜሪላንድ ውስጥ ፋርማሲ ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። ያየሁትን ልንገርሽ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

በ2003 ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ የመድኃኒት ወጪ እንዲሸፍን ሕግ ወጣ። እዚያው ሕግ ውስጥ መንግሥት ከአምራቾቹ ጋር በዋጋ እንዳይደራደር የሚከለክል አንቀጽ ገባ። ሕጉን በምክር ቤት ከመሩት አንዱ ቢሊ ታውዚን ነበሩ። በ2005 መጀመሪያ የመድኃኒት አምራቾች ማኅበር ኃላፊ ሆኑ። በ2009 የኦባማ የጤና መድን ሕግ ሲረቀቅ ደግሞ ማኅበሩ በ10 ዓመት 80 ቢሊዮን ዶላር ሊያዋጣ ተስማማ፤ ክልከላው ግን ሳይነካ አለፈ።

እኔ ጋ ሲደርስ ይሄ ሁሉ ሰው ነው። አንዲት እናታችን ነጠላቸውን እንደለበሱ ኢንሱሊን ሊወስዱ መጡ። ዋጋውን ስነግራቸው ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ብሩን ቆጠሩ፣ መልሰው ዘጉ። «ልጄ፣ ወሩ ሲገባ እመጣለሁ» አሉኝ። ሳጥኑን ወደ ፍሪጅ መለስኩት። እስከዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

በ2022 ሕጉ ተለወጠ። ከ2023 ጀምሮ ሜዲኬር ያለው ሰው ለወር ኢንሱሊን ከ35 ዶላር በላይ አይከፍልም። ሜዲኬርም በ10 መድኃኒቶች ዋጋ ተደራደረ፤ ኢንሱሊንም አለበት።

ያኔ ከአንዳንድ የጥናት ተቋማት «ዋጋ ከተነካ አዲስ መድኃኒት አይመጣም» የሚል ጽሑፍ ጎረፈ። የምክር ቤቱ የበጀት ቢሮ ግን በ30 ዓመት ከሚጠበቁት 1,300 ያህል አዳዲስ መድኃኒቶች 13 ገደማ እንደሚቀሩ ነው የገመተው። 13 መድኃኒት ቀላል አይደለም፤ አንዱ የማን ልጅ ፈውስ እንደሚሆን አይታወቅም። ቢሆንም «አይመጣም» እና «ከመቶ አንድ ይቀንሳል» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ተቋማቱ ሁሉ ይዋሻሉ አልልም። ግን የለጋሾቻቸውን ስም ለሕዝብ እንዲገልጹ ሕግ አያስገድዳቸውም። ስሙን የደበቀ ተቋም ጥናት በጥርጣሬ ነው የማነበው። የፖለቲካ ወገናቸውም መተማመኛ አይሆንሽም። ሰው ሁሉ መድን እንዲይዝ ይገደድ የሚለውን ሐሳብ በ1989 ያቀረበው ወግ አጥባቂው ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን ነበር። በ2010 ኦባማ ሕግ ሲያደርጉት ተቋሙ ራሱ ተቃወመ።

ያነበብሽውን ጥናት እዚህ ለጥፊው። ማን እንደከፈለበት አብረን እንፈልጋለን።