አውሮፕላን ለመሥራት ለተነሣችሁ ወጣቶች፦ ስለ ነዳጅ ታንክ

ውድ ልጆቼ፣

በእጃችሁ አውሮፕላን ሠርታችሁ ለማብረር የምትመኙ ወጣቶች ስለ ሞተርና ስለ ክንፍ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ፤ ስለ ነዳጅ ታንኩ የሚያነሣ ግን እምብዛም አይገኝም። ታንኩ ካላፈሰሰ ሥራው አለቀ ብሎ ማሰብ የተለመደ ነውና የአንድ ታዋቂ ሰው አደጋ ላስታውሳችሁ።

አሜሪካዊው ዘፋኝ ጆን ዴንቨር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞንቴሬይ ወሽመጥ ላይ ተከስክሶ የሞተው፣ ሌላ ሰው በሠራት ሎንግ ኢዚ በተባለች አነስተኛ አውሮፕላን ነው። በዲዛይኑ መሠረት የሞተሩን ነዳጅ ከአንዱ ታንክ ወደ ሌላው የሚያዞረው ቫልቭ በፓይለቱ እግሮች መካከል መሆን ሲገባው፣ ሠሪው ነዳጅ ወደ ኮክፒት (ፓይለቱ ወደሚቀመጥበት ክፍል) እንዳይገባ ብሎ ከፓይለቱ ግራ ትከሻ በስተኋላ አደረገው። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ እሳትን የማይፈራ ሠሪ እኔም አላምነውም። ነገር ግን ፓይለቱ ቫልቩን ለማዞር መሪውን መልቀቅ፣ የትከሻ ቀበቶውን ማላላትና ሰውነቱን ወደ ግራ መጠምዘዝ ነበረበት፤ እንዲያ ሲጠመዘዝ ደግሞ ቀኝ እግሩ ሳይታወቀው አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዞረውን የራደር ፔዳል ይገፋል። መርማሪዎቹ ራሳቸው ተቀምጠው ሲሞክሩት ይህንኑ አስተዋሉ። የነዳጅ መጠን ማሳያውም ከኋላ ስለ ነበር ፓይለቱ የሚያየው በመስታወት ነው። ከመነሣቱ በፊት የቫልቩን እጀታ በግሪፕ ፒንሳ ለማስረዘም ተሞክሮ አልሆነም፤ ዴንቨርም የምበረው ለአንድ ሰዓት ያህል ነው ብሎ ነዳጅ ሳያስጨምር ተነሣ። (ፒንሳ እጀታ ሊሆን ሲሞከር ካያችሁ ያን ቀን አትብረሩ።)

ስለዚህ የአውሮፕላኑን አካል ከመዝጋታችሁ በፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው አጥብቃችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ቫልቩን አዙሩት፤ ትከሻችሁ ከወንበሩ ከተነሣ ቦታው ይቀየር። የማሳያውንም ምልክት በግምት አታስምሩ፤ አውሮፕላኑን በሚበርበት አኳኋን ደግፋችሁ አቁሙና ነዳጁን በሊትር እየለካችሁ ስትሞሉ አስምሩበት።

ታንኩ የፋይበርግላስ ከሆነ፣ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን አንዳንዱን ሬዚን (ፋይበሩን የሚያጣብቀውን ሙጫ) ስለሚያለሰልስ፣ የፋይበርግላሱን ቁራጭ በምትጠቀሙበት ነዳጅ ዘፍዝፋችሁ ለሳምንታት ተከታተሉት። መፍሰሱን ስትፈትሹ ኮምፕሬሰር በቀጥታ አትግጠሙ፤ ታንኩን ይቀድደዋል። ቱቦው ላይ ፊኛ አስራችሁ በትንሽ አየር ብቻ ንፉት፤ መጋጠሚያውን በሳሙና ውኃ ስትቀቡት አረፋው የሚያፈስሰውን ቦታ ያሳያችኋል። አየር ወደ ታንኩ የሚያስገባው መተንፈሻ በተርብ ጎጆ ቢደፈን ታንኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ነዳጅ ያጣልና ከየበረራው በፊት ተመልከቱት። ውኃም ከቤንዚን ስለሚከብድ የውኃ ማስወጫው ከሁሉ ዝቅ ባለው ቦታ ይሁን፤ ዝቅታው የሚለካው ግን አውሮፕላኑ በጎማው መሬት ላይ እንደ ቆመ ነው።