ሲቲ ስካኑ ንጹህ ነው ተባለ፤ ታዲያ ባለቤቴ ምን ሆነ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከሁለት ወር በፊት ሐረጎ ላይ ባጃጅ ተገልብጦ ጭንቅላቱን ተመታ። ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ስቶ ነበር። ሲቲ ስካን ተነሣና "ምንም የለም" ተብሎ ወደ ቤት ተመለሰ። ደሴ አራዳ የጨርቅ ሱቅ አለን። አሁን የብር መልስ ሲሰጥ ይሳሳታል፣ ሁለት ደንበኛ አንድ ላይ ካወሩት ግራ ይገባዋል፣ ከሰዓት በኋላ ራሱን ያመዋል፣ ልጆች ሲንጫጩ ይቆጣል። ወንድሞቹ "ሰበብ ነው" ይላሉ። እናቱ ደግሞ ጨለማ ክፍል ተኝቶ ይረፍ ባይ ናቸው። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ነገር ሁለቱንም አትስሚ።

ሲቲ ስካን በዋናነት የሚፈልገው ደም መፍሰስና ስብራት ነው። ያ አለመኖሩ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ጭንቅላት በኃይል ሲናጥ የነርቭ ሴሎች የሚገናኙባቸው ቀጫጭን ክሮች ይሳባሉ፣ የሴሎቹ የሶዲየምና የፖታሲየም ሚዛን ይዛባል፣ አንጎል ያንን ሲያስተካክል ብዙ ጉልበት ይፈጃል፤ ይሄ ሁሉ ደግሞ ሲቲ ስካን ላይ አይታይም። ስለዚህ ሰውዬው ደከመኝ ሲል አይዋሽም። ቁጣውም የዚያው የሕመሙ አካል ነው።

ጨለማ ክፍሉ ይቅር። ሙሉ እረፍት የሚያስፈልገው ለመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ነው። ከዚያ በላይ መተኛት ማገገሙን ያጓትታል።

አሁን የሚረዳው ሥራውን ቆርሶ መስጠት ነው። ጠዋት ጭንቅላቱ ሳይዝል ሱቅ ይግባ። አንድ ደንበኛ ሳይጨርስ ሌላ አይቀበል። የጨርቁን ዋጋ በወረቀት ጽፋችሁ ጥቅሉ ላይ ለጥፉ። የተቀበለውን ብር መልሱን ቆጥሮ እስኪሰጥ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ይተወው፣ መሳቢያ ውስጥ አይክተተው፤ ስንት እንደተቀበለ ቢረሳ እንኳ ብሩ ፊቱ አለ። የስልኩን ደወል ሙሉበት፤ ራስ ምታቱ ሳይመጣ በፊት እንዲያርፍ፣ ከመጣ በኋላማ ምን ዋጋ አለው። ሰኞ፣ የገበያ ቀን፣ እነዚያ ወንድሞቹ መጥተው ይቁሙለት።

ሰዓቱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ትንሽ ብሶበት ቶሎ ከተወው ችግር የለም፤ ቀኑን ሙሉ ከጣለው ግን ለነገ ቀንሱ። አንጎል ደጋግሞ በሠራው ነገር መንገዱን ያድሳል፤ ይሄንን የሚያደርገው ግን በደንብ ሲተኛና ሲያርፍ ነው። ጫት የሚቅም ከሆነ ይተው፣ እንቅልፉን ይሰርቅበታል። መጠጥም አይቅመስ። በየቀኑ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ጥሩ ነው። ሞተር ላይ ግን አሁን አይውጣ፤ ሁለተኛ ምት የባሰ ነው።

ብዙ ሰው በ3 ወር ውስጥ ይሻለዋል። ሆኖም ሁለት ወር ስለሞላው አሁኑኑ ሐኪም ይየው። እንቅልፉን፣ ዓይኑን፣ አንገቱን፣ ጭንቀትም ካለ ያንን ያስመርምር፤ እነዚህ ሳይታከሙ ትኩረት ለመመለስ ይቸገራል። ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደሚጀምርና ምን ሲሠራ እንደሚብስበት ጽፋችሁ ሂዱ። ራስ ምታቱ እየከፋ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ እንደሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጠው፣ አንድ ጎኑ ከደከመ ወይም አልነቃ ካለሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጂው።