ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ባለቤቴን የመታት ግርዶሹ ነው?

ጥያቄ

«ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ። የምጽፈው ከጎንደር ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ማታ ጨረቃ በተጋረደችበት ጊዜ ባለቤቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እናቴ "እርጉዝ ሴት ግርዶሽ አታይም" ብላ ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻት። መስኮቱንም በጋቢ ሸፈነችው። እኔና የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ግቢ ውስጥ ሆነን፣ ደመናው ገለጥ ሲል እያየን ነበር። ጨረቃዋ ከቀላች ትንሽ ቆይቶ ባለቤቴ "ራሴን" አለች፣ አዞራት። ለማስታወክ ሮጣ ደጅ ስትወጣ ጨረቃዋን አየቻት። እናቴ ጮኸች። ባለቤቴ ግን ደጅ ትንሽ ቁጭ ካለች በኋላ ቀለል አላት።

ልጃችን በታኅሣሥ በሰላም ተወለደ። ሆኖም ከወገቡ በታች ሰማያዊ የመሰለ ሰፊ ምልክት አለው። እናቴ "ጨረቃዋ ያተመችበት ነው" ትላለች። እውነት ግርዶሽ ይጎዳል? ሌላም አለኝ። ልጄ የሚቀጥለውን ለማየት ከአሁኑ ቀን እየቆጠረች ነው። በታኅሣሥ ብርድ ነው አሉኝ። እናቴም አሁን "እስቲ እኔም አንዴ ልየው" ማለት ጀምራለች። አስምና ደም ግፊት አለባት። ብትወጣ ይከፋባታል?»

መልስ

በቅድሚያ ለባለቤትዎ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይበሉልኝ።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። በመጀመሪያው ስለ ጨረቃ ልጽፍልዎ ተነሥቼ ነበር። በሁለተኛው «መስኮቱንም በጋቢ ሸፈነችው» የምትለው ላይ ቆምኩ። ለዚህ ነው ሁለት ጥያቄ መልሼ የላክሁልዎ። ክፍሉ ውስጥ እሳት ነበር ወይ? ከባለቤትዎ ሌላስ ራሱን ያመመው ሰው ነበር?

የመለሱልኝን አንባቢም ይየው፦ «አዎ፣ እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። ዝናቡ ስላቀዘቀዘው ማንደጃው ለሙቀት እዚያው ቆየ። ብርድ እንዳይገባ በሩ ሥር ፎጣ አድርገን ነበር። እናቴም ራሷን አሟት ነበር። እሷ ግን "በረካውን ሳልጠጣ ስለተነሣሁ ነው" ብላ ሻሽ አሰረችበት።»

ይኸው ነው። ጨረቃዋን እንልቀቃትና ማንደጃውን እንያዘው።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለውም። ሽታ የለውም። ዓይን አያቃጥልም፣ አያስነጥስም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ታክሲው ሞልቷል እንበል። ወንበሩን ሁሉ ጋዙ ይዞታል፤ ኦክስጅን ቆሞ ይቀራል። ሰውየው እየተነፈሰ ነው፣ ደረቱም ከፍ ዝቅ ይላል። አንጎሉ ግን እየተራበ ነው። መጀመሪያ ራስ ምታት ይመጣል፤ ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት። ሲብስ ሰውየው እንደ እንቅልፍ ይወስደውና ሳይነቃ ይቀራል።

«ፍሙ ከቀላ፣ ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም» ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ። ጭሱና ጋዙ የተለያዩ ናቸው። አመድ የለበሰ፣ ሰው ሁሉ «ጠፍቷል» የሚለው ፍም እንኳ ጋዝ ይለቃል። እንዲያውም ጭሱ ሲጠፋ ነው ሰው በሩን የሚዘጋው።

አንድ ክረምት ተረኛ ሳለሁ ሦስት እኅትማማቾች እያስመለሳቸው መጡ። አባታቸው «ሽሮው ነው፣ ያደረ ነበር» አሉ። ሽሮውን አባትየውም በልተዋል፤ ምንም አልሆኑም። እሳቸው የተኙት ሳሎን፣ ልጆቹ ጓዳ ነው። ጓዳ ውስጥ ደግሞ ልብስ ለማድረቅ የገባ ማንደጃ ነበር። ጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክስጅን መለኪያ የሦስቱንም ደህና ብላ አሳየች። ይህን ጋዝና ኦክስጅንን ለይታ አታውቅም፤ እሷን አይቶ «ደህና ናችሁ» ብሎ የሚሸኝ ሰው ይሳሳታል። ከዚያ ወዲህ በክረምት ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ራሱን አሞት ከመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ከሰል ነው።

ወደ እርስዎ ቤት ልመለስ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለቱም ታመሙ። ግቢ የነበራችሁት ሁለታችሁም ምንም አልሆናችሁም። እናንተ ደግሞ ግርዶሹን አፍጥጣችሁ ያያችሁት ናችሁ! ባለቤትዎ የተሻላት መቼ ነው? ደጅ ወጥታ፣ ቀይዋ ጨረቃ አናቷ ላይ ሳለች። የሚመታው ግርዶሹ ቢሆን ኖሮ ደጅ ነበር የሚብስባት። በሰዓቱ ደሟ ስላልተለካ ማረጋገጫ ወረቀት ልሰጥዎ አልችልም። እኔ ግን ጥርጣሬ የለኝም።

እናትዎን አይቆጧቸው። ቡናው ባይሆን ኖሮ ጋቢ መስኮት ላይ መስቀላቸው ማንንም አይጎዳም ነበር።

ያን ማታ ግን አንድ ነገር ጎድሎ ነበር። ቀለል ቢላትም ሐኪም ቤት መሄድ ነበረባት። ጋዙ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። ከእናቲቱ ደም ከወጣ በኋላም ፅንሱ ላይ ይቆያል። ንጹሕ አየር ብቻ ስንተነፍስ የጋዙ ግማሽ ከደማችን እስኪወጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። በኦክስጅን ጭምብል ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ወደፊት እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠመ በሩን ከፍቶ ሰውየውን ማውጣት ይቅደም። ራሱን የሳተ ካለ ደግሞ አፍታ ሳይቆይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ወተት የማጠጣቱ ነገር ይቅር፤ ራሱን የሳተ ሰው ላይ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ስለ ሕፃኑ። ባለቤትዎ ራሷን አልሳተችም፣ ቶሎ ወጥታለች፣ ልጁም ቀኑን ጠብቆ ተወልዷል። ጡት በደንብ የሚጠባ፣ ክብደት የሚጨምር ከሆነ ስለዚያች ማታ ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ። ለክትባት ስትሄዱ ዕድገቱን ያዩላችኋል፤ የሆነውን ለባለሙያው ንገሩት፣ ያ ይበቃል። ሰማያዊው ምልክት? የኛ አገር ሕፃናት መቀመጫና ወገብ ላይ በጣም የተለመደ ነው። ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ጠለቅ ብለው ሲቀሩ የሚፈጠር ነው። አያምም፣ መድኃኒት አያሻውም፣ በጥቂት ዓመታት እየደበዘዘ ይሄዳል። እናትዎን እርስዎ ሲወለዱ ምልክት ነበረብዎ ወይ ብለው ቢጠይቋቸው ደስ ይለኛል።

ጨረቃዋንም ነገሯን ልጨርስላት። የጨረቃ ግርዶሽ ማለት ምድር በፀሐይና በጨረቃ መካከል ገብታ ጥላዋን ስትጥልባት ነው። የምትቀላው የፀሐይ ብርሃን በምድር ዙሪያ ባለው አየር ውስጥ ታጥፎ ስለሚደርሳት ነው። ሰማያዊው በመንገድ ይበተናል፣ ቀዩ ያልፋል። ጀንበር ስትጠልቅ ሰማዩ የሚቀላውም በዚሁ ነው። ከጨረቃ የሚመጣ፣ ሰውን ወይም ፅንስን የሚነካ የተለየ ጨረር የለም። እናትዎ ነቢዩ ኢዩኤል ስለ ደም የመሰለች ጨረቃ የተናገረውን ካነሡብዎ እሱን ለንስሐ አባታቸው እተዋለሁ።

ግርዶሽ ማየት ዓይን ያጠፋል የሚለው ፍርሃት ሌላ ምንጭ ያለው ይመስለኛል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆኖ የታየው የፀሐይ ግርዶሽ ነበር። ያኔ «ያለ መነጽር አትዩ» የተባለው እውነት ነው፤ ፀሐይ ዓይን ታጠፋለች። ሙሉ ጨረቃ ግን ከፀሐይ 400,000 ጊዜ ያህል ትደበዝዛለች፣ ስትጋረድ ደግሞ ይብሳል። በባዶ ዓይን ያለ ስጋት ትታያለች። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ግን ከኛም አገር በከፊል የሚታይ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ያኔ ለልጅዎ ለፀሐይ ግርዶሽ ማያ የተሠራ መነጽር ይግዙላት። የራጅ ፊልም ወይም ተራ ጥቁር መነጽር አይሆንም።

አሁን ወደ እናትዎና ወደ ብርዱ።

ብርድ ራሱ የሳንባ ምች አያመጣም፤ የሚያመጡት ተሕዋስያን ናቸው። ይህን ስል አያቴ ትዝ ትለኛለች። ጥር 1 ቀን 1993፣ ገና በዋለ በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት አካባቢ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ተጋረደች። አያቴ ቤት ዘግታ «እግዚኦ» ስትል እኔ በጓሮ በር ሾልኬ ወጣሁ። በማግስቱ ጉንፋን ጣለኝ። አያቴ እስክታርፍ ድረስ «ጨረቃ ሊያይ ወጥቶ ብርድ መታው» እያለች አወራችብኝ። ለበዓሉ አሥራ አንድ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሲያስል መሰንበቱን ማን ያንሣ?

አስም ላለበት ሰው ግን ቀዝቃዛ ደረቅ አየር እውነተኛ ጠላት ነው። የአየር ቧንቧው ይኮማተራል፤ ሲተነፍሱ ሲር ሲር ይላል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ በታኅሣሥ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ደባርቅ ወጥቼ ልያት ካሉ ደግሞ ውርጭ አለ፤ እናትዎን ይዘው አይሂዱ። ጥር 10 ለከተራ ጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ ያድሩ ከነበረ ግን ልምዱ አላቸው። ያኔ እንዴት ይሆኑ እንደነበር ይጠይቋቸው፤ መልሳቸው ከእኔ ምክር ይበልጥ ይነግርዎታል።

ሲወጡ ነጠላውን አፍንጫና አፋቸው ላይ ያጣፉት። አየሩ ሞቅና ረጠብ ብሎ ይገባላቸዋል። በአፍንጫ ይተንፍሱ። የሚስቡት የአስም መድኃኒት፣ ሳልቡታሞሉ፣ ቤት አይቅር። ውስጥ ኪሳቸው ይሁን፤ ከቀዘቀዘ አረጫጩ ይደክማል። ሐኪማቸው ከፈቀደ ከመውጣታቸው 15 ደቂቃ በፊት ቢወስዱት ይረዳል። ያን ሳምንት ሌሊት ሌሊት የሚያስላቸው ወይም መድኃኒቱን ከወትሮው አብዝተው የሚወስዱ ከሆነ ግን ይቅርባቸው፤ ልጅዎ በስልክ ቀርጻ ታሳያቸው።

የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ስም አልጻፉልኝም። እሽጉን አውጥተው ይዩት። ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል የሚል ከሆነ አስምን ሊያባብስ ስለሚችል ሐኪማቸው ዘንድ ይውሰዱት። በራሳችሁ አታቋርጡት፤ ድንገት ማቆሙ ሌላ ጣጣ አለው። ብርድ የደም ሥርን ስለሚያጠብ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ እግራቸውና ራሳቸው ይሸፈን። «ለሙቀት» ተብሎ አረቄ አይሰጣቸው። አረቄ ቆዳን ያሞቃል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ ነው የሚያወጣው። ጣሪያ ወይም ፎቅ ላይም አያውጧቸው። በጨለማ ደረጃ ላይ የሚወድቁ አዛውንት ከግርዶሽም ከብርድም በላይ ያሳስቡኛል። ግቢ ውስጥ መደገፊያ ያለው ወንበር ይበቃል። ሲነሡም ቀስ ብለው ይነሡ።

ልጅዎ የምትቆጥረው ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ከሆነ ለእናትዎ የተመቸ ነው። ጨረቃዋ ተጋርዳ የምትቆየው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ብርዱ ገና አልጠናም። በዚያ ሰዓት ከምሥራቅ ዝቅ ብላ ስለምትሆን ተራራ የማይከልለው ቦታ ፈልጉ። የዓመቱ፣ ታኅሣሥ 11 ለ12 ቀን 2022፣ ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ያኛው ለእርስዎና ለልጅዎ ይሁን።

ቡናውም ይፈላ እንጂ! ግን ግቢ ውስጥ። ማንደጃው ደጅ ከሆነ ጋዙን ነፋስ ይወስደዋል፣ እጅም ይሞቃል። እናትዎ ነፋሱ ጭሱን በማያመጣባቸው በኩል ይቀመጡ። ዕጣኑ ለአስማቸው አይሆንም፣ ያን ዕለት ይቅር። በ2021ዱ ግርዶሽ ጨረቃዋ 71 ደቂቃ ያህል ቀልታ ትቆያለች፤ ለአቦል፣ ለቶናና ለበረካ ይበቃል። ትንሹ ልጅ ያኔ ሦስት ዓመት ይሞላዋል፤ ፍሙን እንዳይነካ አንድ ሰው ይጠብቀው። ስትገቡ ማንደጃው ላይ ውሃ አድርጋችሁበት እዚያው ደጅ ተዉት።