ስለ እርሾ ለጠየቀኝ ወጣትና ለእኩዮቹ

ባለፈው ሳምንት ከሰኞ ገበያ ስመለስ አንድ የጎረቤት ልጅ መንገድ ላይ አስቁሞ፣ «ጋሼ፣ እናቴን አረቄ ስታወጣ እያገዝኳት ነው፤ የትኛው እርሾ ይሻለናል? የዳቦው ይበቃል ወይስ ለአልኮል ተብሎ የሚዘጋጀውን እናስመጣ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዕድሜዬን በመጠጥ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ እርሾ በአጉሊ መነጽር ስቆጥር ስለኖርኩ መልሱ ከአፌ አልራቀም፤ «ለአልኮል የተዘጋጀውን ግዙ» ብዬው አለፍኩ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ያንኑ «እርሾ ግዙ» የሚል መልስ ከ30 ዓመት በላይ ቀደም ብዬ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ለአክስቴ ሰጥቼ ነበርና።

እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች ያሳደገችኝ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ትኖር የነበረችው አክስቴ ናት። እትዬ እላት ነበር። ደብተሬም፣ የትምህርት ቤት ልብሴም፣ ኋላ አዲስ አበባ ለትምህርት ስሄድ የተሳፈርኩበት የአውቶቡስ ገንዘብም የተከፈለው ከአረቄዋ ነው። ዱቄት የሆነ የጌሾ ቅጠል በጋን ውስጥ ከውኃ ጋር ትጠነስስና፣ ጥቂት ቀን አቆይታ የገብስ ብቅል ትጨምርበታለች፤ ከዚያ የዳጉሳ ቂጣ ጋግራ፣ ፈርፍራ፣ ድፍድፉን ታዘጋጃለች። እርሾ ገዝታ አታውቅም። ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥባ በወይራ ታጥናለች እንጂ ሳሙና አታስነካውም፤ ከቀደመው ድፍድፍም ጥቂት አስቀርታ ለሚቀጥለው ታደርግ ነበር። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ደጃፏ ክፍት ስለነበር፣ አረቄ የማይቀምሱት ጎረቤቶቿ ሲመጡ ከማር የበረዘችውን ብርዝ ታቀርብላቸዋለች፤ የብርዙን ዕቃ ከድፍድፉ አጠገብ ፈጽሞ አታስቀምጥም፤ «ይነካዋል» ትል ነበር። ምን እንደሚነካው አላስረዳችኝም፤ ነገር ግን ስለ እርሾ በሕይወቴ የሰማሁት የመጀመሪያው ትክክለኛ ትምህርት ያ ነበር።

በ1986 ዓ.ም. ሐምሌ ለዓመት ዕረፍት ወደ ደሴ መጣሁ። ዕድሜዬ 28 ነበር፤ የተማርኩትን ሁሉ በየደረስኩበት ለማሳየት እቸኩል ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1883 የዴንማርኩ ተመራማሪ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ላቦራቶሪ አንዲትን የእርሾ ሕዋስ ለብቻዋ ለይቶ ማራባት እንደቻለና፣ ቢራ የሚያበላሸው ሳይጋበዝ የሚገባው የዱር እርሾ መሆኑን እንዳሳየ ተምረን ነበር። እኔም የእትዬን ጋን ያየሁት በሃንሰን ዓይን ነው፤ ንጹሕ ዘር ያልገባበት ሁሉ ቆሻሻ መስሎ ይታየኝ ነበር። የጦሳ ተራራ ጉም እስከ በራችን ወርዶ ቤቱ ቀዝቅዟል፤ ድፍድፉ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ በዝግታ ይፈላል፤ እሷም ሳትቸኩል ትጠብቃለች። «እትዬ፣ ይህ እኮ የዱር እርሾ ነው፤ ጊዜሽንም እህልሽንም ይበላል» አልኳት። «አንተ ታውቃለህ፣ የተማርክ ነህ» አለችኝ። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ ከልቧ ነበር ያለችው።

ገበያ ስትወጣ ጠብቄ ሁለቱን ጋኖች በበረኪና ፈተግኩ፤ ሌሊቱን ሙሉ በረኪና በገባበት ውኃ ሞልቼ አሳደርኳቸው፤ ያስቀረችውንም ጥንስስ ደፋሁት። ከሱቅ የዳቦ እርሾ ገዝቼ፣ ብዙ ካደረግሁ ቶሎ ይደርሳል ብዬ፣ ከሚያስፈልገው ሦስትና አራት እጥፍ ጨመርኩ፤ ጋኑንም ምድጃው አጠገብ አስጠጋሁት። በበነጋው አረፋው ገንፍሎ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ በሦስተኛው ቀን መፍላቱን አቆመ። እኔ ደስ አለኝ። እሷ ግን ጋኑን አሽትታ ዝም አለች።

አረቄው ሲወጣ ብዛቱ ጥሩ ነበር፤ ጣዕሙ ግን ጉሮሮ የሚፍቅ፣ ከኋላው የመድኃኒት ሽታ የሚከተለው ሆነ። ለዓመታት ደንበኛዋ የነበሩ አንድ አዛውንት ቀመስ አድርገው፣ «ዛሬስ ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይላል» አሉና ብርጭቆውን ሳይጨርሱ ሄዱ። እትዬ ግን ስለ እኔ ቃል አልተነፈሰችም፤ «ጋኑ ተቀይሞ ነው» ብቻ አለች። ወደ ሥራዬ ከተመለስኩ በኋላ ከጎረቤት ጥንስስ ተውሳ፣ አዲስ ጋንም ገዝታ ደጋግማ ሞከረች፤ የቀድሞው ጣዕም ግን አልተመለሰላትም፤ ደንበኞቿም አንድ በአንድ ቀሩ።

ምክንያቱን የደረስኩበት ከዓመታት በኋላ በራሴ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ነው። በበረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀራል፤ የወይራው ጢስ ደግሞ ፌኖል የሚባሉ ውህዶችን ሸክላው ላይ ያሳርፋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሮፌኖል ይፈጠራል፤ ይህም እጅግ ጥቂት ሆኖ እንኳ የሐኪም ቤት ሽታ ያመጣል፤ ከእንፋሎቱም ጋር አብሮ ይወጣል። የዳቦው እርሾ ጥፋት ከዚህ ያነሰ ነበር፤ በእሳቱ ሙቀት ተጨንቆ፣ ጉሮሮ የሚፍቁትን ከባድ አልኮሎች አበዛብን። ይህን ሁሉ ሳውቅ እትዬ በሕይወት ነበረች። ለፋሲካ ስሄድ እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ሄድኩ፣ ዶሮውን በላሁ፣ ሳልነግራት ተመለስኩ። ጋኗ እንዳልተቀየመና ጥፋቱ የእኔ እንደነበረ ሳትሰማ በ1994 ዓ.ም. አረፈች።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። የዳቦውም፣ ለአረቄ የሚዘጋጀውም፣ ከቢራ እርሾም አንዳንዱ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ የሚባለው አንድ ዝርያ ነው፤ የሚለያቸው ሰው መርጦ ያሳደገላቸው ጠባይ ነው። የዳቦው ለሊጥ ብዙ ጋዝ እንዲሰጥ ተመርጧል፤ አልኮሉ ከ8 እስከ 10 በመቶ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ይደክማል። ለአረቄ የሚዘጋጀው ከዚያ በላይ ይታገሣል። አንድ በመቶ አልኮል ለማግኘት በአንድ ሊትር 17 ግራም ያህል ስኳር ስለሚያስፈልግ፣ በሊትር ከ170 ግራም በላይ ስኳር ያለው ድፍድፍ ለዳቦው እርሾ ከአቅሙ በላይ ነው። ከስኳር ብቻ የሚያፈላ ሰው ደግሞ እርሾው ናይትሮጅን እንደሚርበው ይወቅ፤ እህልና ብቅል ያለበት ድፍድፍ ይህን ምግብ በራሱ ይሰጣል። ከጥቂት ዓይነቶች በቀር እርሾ በእህሉ ውስጥ ያለውን ስታርች ራሱ ወደ ስኳር አይለውጥም፤ ያ የብቅሉ ሥራ ስለሆነ፣ እርሾ ሲቀይሩ ብቅሉን የሚተዉ ሰዎች ቂጣቸውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ይቀራሉ።

ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው። ከደሴ ተነስታችሁ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ፣ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳትሄዱ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዳችኋል፤ እርሾም ይህን ያውቃል። በደሴ ክረምት የሚያንቀላፋው እርሾ በኮምቦልቻ ግንቦት ይጣደፋል፤ ድፍድፍ ሲፈላም የራሱን ሙቀት ስለሚጨምር በትልቅ በርሜል ያለው በቀላሉ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ እርሾ የምትመርጡት በእሽጉ ሥዕል ሳይሆን በቤታችሁ ሙቀት ይሁን። የዛሬ ወጣቶች «በሁለት ቀን ያደርሳል» የሚል እሽግ ስታዩ ልባችሁ ይሸፍታል፤ ሁሉን ነገር ዛሬውኑ መፈለጋችሁ ያሳዝነኛል፤ ምንም እንኳ እኔ በእናንተ ዕድሜ ከእናንተ የባስኩ ብሆንም። ደግሞም መለካት ትወዳላችሁ፤ ቴርሞሜትር የሌለው አሁን ከእናንተ መካከል ጥቂት ነው፤ ይህን አከብርላችኋለሁ።

መርዛማ የአልኮል ዓይነት ስለሆነው ስለ ሜታኖልም ብዙዎቻችሁ እርሾውን ትጠረጥራላችሁ። ሜታኖል በዋናነት የሚመጣው በፍራፍሬ ውስጥ ካለው ፔክቲን ከሚባል ነገር ነው፤ እርሾ በመቀየር አይጠፋም። ቢሆንም መጀመሪያ የሚወርደውን ማንም አይጠጣው፤ ይህን እናቶቻችሁ ከእኔ በላይ ስለሚያውቁት አላስረዝመውም።

እንግዲህ መንገድ ላይ የሰጠሁህን መልስ ላርመው። ከስኳር የምታወጡ ከሆነ ለአረቄ የተዘጋጀውን ግዙ፤ አሁንም አልለወጥኩም። በዳጉሳና በብቅል ከሆነ ግን የእናትህን ጥንስስ አትድፋው። እኔ ራሴ በፋብሪካ ውስጥ የዱር እርሾ ሳይ ዕድሜዬን ሙሉ ያለ ርኅራኄ አጥፍቻለሁ፤ ዛሬም ብመለስ አጠፋለሁ፤ በእናትህ ጋን ውስጥ ያለው ግን ከጌሾውና ከብቅሉ ጋር ዓመታት አብሮ የኖረ፣ ከሱቅ የማይገዛ ነው። አንድ ዓይነት ድፍድፍ በሁለት ዕቃ ክፈሉ፤ በአንደኛው የእሷን ጥንስስ፣ በሌላኛው የተገዛውን፣ ለ20 ሊትር 20 ግራም ያህል አድርጉ። የትኛው በስንት ቀን እንደቆመ ጻፉ፤ ለየብቻ አውጥታችሁ እናትህ ትቅመስ። ጋኑን የምታጥበው እሷ ትሁን፤ በረኪናም ወደዚያ ቤት አይግባ። ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት በትንሽ ጠርሙስ ይዘህልኝ ና፤ ቤቴን ታውቀዋለህ።