«ጣፋጭ አልወድም፣ ስኳሩ ከየት መጣ?»

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ እርግዝና ስኳር ናቸው። ጥቂቱን መርጬ ልመልስ።

«የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጣፋጭ ነገር እምብዛም አልወድም። ግን የእርግዝና ስኳር አለብሽ ተባልኩ። ምን አጥፍቼ ነው?»

ምንም አላጠፋሽም እህቴ። እንደዚህ ብለው ራሳቸውን የሚወቅሱ እናቶች ብዙ ናቸው፤ በጣም ያሳዝነኛል። በእርግዝና ሁለተኛ አጋማሽ እንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች፣ ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ኢንሱሊን በእናት አካል ላይ እንደ ወትሮው እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ይህ በሽታ አይደለም፤ በእያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ላይ የሚሆን ነው። የእናት ጡንቻ ስኳሩን ቶሎ ካልወሰደው ለጽንሱ ይተርፋል። አብዛኛውን ጊዜ የእናት ቆሽት ኢንሱሊን ጨምሮ ያመርትና ነገሩ ይመጣጠናል። የአንዳንዷ ቆሽት ግን የሚፈለገውን ያህል መጨመር ያቅተዋል፤ ስኳሩም ደም ውስጥ ይከማቻል። የቤተሰብ ታሪክ፣ ዕድሜና ከእርግዝና በፊት የነበረ ክብደት ድርሻ አላቸው። ምርመራው ብዙ ጊዜ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት የሚደረገውም ለዚሁ ነው፤ የሆርሞኖቹ ጫና በዚያን ጊዜ ይበረታል።

«ባለቤቴ ኢንሱሊን ታዘዘላት። ልጁን አይጎዳውም ወይ? ደግሞስ ስኳሩ የእሷ ከሆነ ልጁ ለምን ይገዝፋል?»

ወንድሜ፣ ለሁለቱም ጥያቄህ መልሱ አንድ ቦታ ነው ያለው። ግሉኮስ፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለው ስኳር፣ እንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ጽንሱ ይሄዳል፤ ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ስለዚህ የታዘዘላት መድኃኒት እሷ ጋ ይቀራል፤ አትስጋ።

ስኳሩ ካልተስተካከለ ነው ችግሩ። ዴንማርካዊው ሐኪም ዮርገን ፔደርሰን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳስረዳው፣ የእናት ስኳር ሲበዛ የጽንሱም ይበዛል። የጽንሱ ቆሽት ደግሞ የራሱን ኢንሱሊን በብዛት ማምረት ይጀምራል። ኢንሱሊን ለጽንስ እንደ ማሳደጊያ ነው፤ ልጁ ስብ ያከማቻል፣ ይገዝፋል። ሲወለድ እትብቱ ይቆረጥና ከእናት የሚመጣው ስኳር በአንዴ ይቆማል። ኢንሱሊኑ ግን ገና አለ። የልጁ ስኳር የሚወርደው ያኔ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይጥባ፤ ነርሶቹ ተረከዙን ወግተው ስኳሩን ቢለኩትም አትደንግጥ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። በ9 አገሮች ከ23,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሃፖ የሚባል ጥናት አለ። የእናት ስኳር በጨመረ ቁጥር የልጁም ክብደት በዚያው ልክ ይጨምራል፤ «እስከዚህ ሰላም፣ ከዚህ በላይ አደጋ» የሚባል ስለታም ድንበር አልተገኘም። የምርመራውን መስመር ያሰመሩት ባለሙያዎች ተስማምተው ነው። ስለዚህ ትንሽ መሻሻልም ዋጋ አለው።

«ልጄ ነፍሰ ጡር ናት። 'ለሁለት ሰው ብዪ' ስላት ትቆጣኛለች።»

እናቴ፣ እዚህ ላይ ከልጅዎ ጋር ነኝ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ተጨማሪ ምግብ ያን ያህል አያስፈልጋትም። ቀጥሎ ባሉት ሦስት ወራት በቀን ወደ 340 ካሎሪ፣ በመጨረሻዎቹ ወደ 450 ቢጨመር ይበቃል። ግን እንዳትራብም ይጠብቁልኝ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ክረምት በኔዘርላንድስ ጽኑ ረሃብ ነበር። ያኔ ማኅፀን ውስጥ የነበሩ ልጆች 50 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ተመረመሩ። ሰውነታቸው ስኳርን የሚቆጣጠረው ከሌሎቹ ባነሰ ሁኔታ ነበር።

«ፎሊክ አሲድ መቼ ልጀምር?»

ከማርገዝሽ በፊት። የጽንሱ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር መሠረት ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ይዘጋል፤ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ። በቀን 400 ማይክሮግራም ነው። ከዚህ በፊት ይህ መሠረት በደንብ ያልተዘጋለት ልጅ ከወለድሽ መጠኑ ስለሚጨምር ሐኪምሽን አማክሪ።

«ከወለድኩ በኋላ ስኳሩ ጠፋ። ተገላገልኩ ማለት ነው?»

እንግዴ ልጁ ሲወጣ ሆርሞኖቹም አብረው ስለሚሄዱ ነው የጠፋው። ቆሽትሽ ግን ድካሙን አሳይቶሻል። የእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት በኋላ ዓይነት 2 ስኳር የመያዝ ዕድሏ ካልነበረባት ወደ 10 እጥፍ ይበልጣል። ከወለድሽ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ግሉኮስ ጠጥተሽ ተመርመሪ። ደህና ቢሆንም ቢበዛ በየሦስት ዓመቱ ድገሚው። ቤቱ ሁሉ በሕፃኑ ሲጠመድ የእናትየዋ ቀጠሮ ይረሳል፤ ስንቶች በዚህ እንደሚያልፉ ሳስብ ያንገበግበኛል። የልጅሽ የክትባት ካርድ ላይ የራስሽንም ቀን ጻፊበት። እንደገና ለማርገዝ ስታስቢ ደግሞ ቀድመሽ ተመርመሪ። የመጀመሪያ ክትትልሽ ላይም «ባለፈው ስኳር ነበረብኝ» በያቸው፤ 24ኛውን ሳምንት ሳይጠብቁ ያዩሻል።