ኦንላይን ላይ ዝም ስላሉት ተማሪዎች፦ ለጠየቁት መምህር

መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ያነሡት ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ደሴ ሆነው 60 የማታ ተማሪዎችን በሙድል (ትምህርት፣ የቤት ሥራና ፈተና በኢንተርኔት በሚሰጥበት ሥርዓት) ያስተምራሉ፤ ልጆቹ ከኮምቦልቻ፣ ከባቲ፣ ከከሚሴና ከሐይቅ ናቸው። በየሳምንቱ ቪዲዮና ስላይድ ይጭናሉ፤ የሚጠይቅ ግን የለም፣ የቤት ሥራውንም ግማሹ ተማሪ አያስገባም። «ምን ልጨምር?» ብለዋል። አብሽሩ፤ እኔ የምመክረው መቀነስን ነው።

ተማሪው ሥራ ውሎ ማታ ስልኩን ሲከፍት 14 ፋይል ተደርድሮ ካገኘ ከየትኛው እንደሚጀምር አያውቅም፤ ይዘጋዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቅርጽ፣ አንድ አጭር መልእክት ይጻፉ። ሙድል ላይ ከሳምንቱ ርዕስ ሥር ያስቀምጡት፤ ቴሌግራም ላይም ከላይ ይሰኩት። ለምሳሌ ለኢኮኖሚክስ ትምህርት፦

«ሳምንት 4። ጥያቄያችን፦ ዋጋ ሲወደድ ገዢ ለምን ይቀንሳል? መጀመሪያ ከገጽ 31 እስከ 38 አንብቡ፣ 45 ደቂቃ ይወስዳል። ቀጥሎ ድምፁን አዳምጡ፣ 9 ደቂቃ ነው፣ 2 ሜጋባይት ገደማ። ከዚያ ከሰፈራችሁ ገበያ አንድ ዕቃ መርጣችሁ በ6 መስመር ጻፉ፣ 30 ደቂቃ። ማስገቢያው እሁድ ማታ 3:00 ሰዓት። ያልገባችሁን ማክሰኞ ከምሽቱ 1:00 እስከ 2:00 ጠይቁኝ፣ እዚያው እመልሳለሁ።»

ደቂቃውንና ሜጋባይቱን መጻፍ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ተማሪው ጊዜውንና የዳታ ጥቅሉን አስቦ የሚወስነው በእሱ ነው።

ብዙ መምህር ሳያየው የሚያልፈው የሰዓት ጉዳይ ነው። ሙድል የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ነው። የማስገቢያ ሰዓቱን 00:00 ላይ ከተዉት፣ «እስከ 10ኛው ቀን ድረስ» ያሉት ሥራ 9ኛው ቀን አልፎ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ጊዜው ያበቃል፤ ተማሪው በ10ኛው ቀን ጠዋት ሲገባ አልፎበታል። 21:00 ብለው ይሙሉና በመልእክቱ «ማታ 3:00 ሰዓት» ብለው ይጻፉ፤ ቀኑንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይድገሙት። የራስዎ መለያ ላይ የሰዓት ቀጠናው አዲስ አበባ መሆኑንም ይመልከቱ፤ በግሪንዊች ሰዓት ከሆነ ሁሉም ነገር በ3 ሰዓት ይዛባል። ሌላው፣ ሙድል ላይ የማስገቢያ ቀንና የመዝጊያ ቀን የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ካለፈ «ዘግይቷል» ብሎ ይቀበላል፣ ሁለተኛው ካለፈ በሩን ይዘጋል። በሁለቱ መካከል 48 ሰዓት ይተዉ። መብራት የጠፋበት ተማሪ ይቅርታ ልመና ውስጥ ሳይገባ ይደርሳል።

ቪዲዮውን በተመለከተ ሒሳቡ ቀላል ነው። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ 75 ሜጋባይት ይሆናል፤ ያንኑ ንግግር በ32 ኪሎቢት ድምፅ ብቻ ቢቀዱት 2.4 ሜጋባይት ነው። የሚታይ ነገር (ግራፍ፣ የስሌት ሂደት፣ የማሽን ክፍል) ከሌለ ድምፅና አንድ ገጽ ጽሑፍ ይበቃል። ጽሑፉ በድሮው የፓወር ግዕዝ ፊደል ከተተየበ ስልክ ላይ የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣልና በዩኒኮድ (በየትኛውም ስልክ በሚነበበው የፊደል አሠራር) ይተይቡት ወይም ፒዲኤፍ ሲያደርጉ ፊደሉ አብሮ መግባቱን በሌላ ሰው ስልክ ያረጋግጡ።

ፈተና ላይ 30 ጥያቄ በአንድ ገጽ፣ በ30 ደቂቃ፣ በአንድ ሙከራ አይስጡ። ኔትወርክ ሲቆም የሙድል ሰዓት አይቆምም። 10 ጥያቄ፣ በየገጹ 5፣ ለ24 ሰዓት ክፍት የሆነ፣ 2 ሙከራ ያለው ይሁን፤ ጊዜው ሲያልቅ የተሠራው ራሱ እንዲገባ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ።

ዝምታው ግን በቴክኒክ ብቻ አይፈታም። «ጥያቄ አላችሁ?» ሲባል 60 ሰው ፊት «አልገባኝም» የሚል አይገኝም፤ ይሉኝታ አለ፣ በዕድሜ የሚበልጡም አሉ። በእሱ ፈንታ ስም በማያሳይ የቴሌግራም ምርጫ «ከሦስቱ የቱ ከበዳችሁ?» ይበሉ። ለውይይት በ6 በ6 ይከፋፍሏቸው፣ ተራ የሚያስጠብቅ ጸሐፊ ይኑራቸው። ሲያርሙም «ትክክል አይደለም» ብቻ ብለው አይለፉ፤ «ምሳሌሽ ጥሩ ነው፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ፍላጎትንና አቅርቦትን ቀላቅለሻል፤ እሱን ብቻ አርመሽ መልሰሽ ላኪው» የሚል አስተያየት ተማሪዋን ወደ ሥራው ይመልሳታል። የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም መመሪያውን በአማርኛ፣ በአጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ የከሚሴ ልጆች ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነውና ረጅም አማርኛም ይከብዳል።

የቀጥታ ክፍለ ጊዜ ለዓርብ ቀትር አያድርጉት፣ ጁምዓ ነው፤ እሁድ ጠዋትም ቅዳሴ አለ። የባቲ ገበያ ሰኞ ስለሆነ በንግድ የሚተዳደሩት ያን ቀን አይገኙም። በረመዳን የማፍጠሪያውን ሰዓት ይተዉ።

ለሚቀጥለው ሴሚስተር ደግሞ ሳምንት 1 ላይ ትምህርት አይጫኑ። አንድ መስመር በእጅ ጽፎ፣ ፎቶ አንሥቶ ሙድል ላይ ማስገባት ብቻ ይሁን ሥራው፣ ነጥብም ይኑረው። በ5ኛው ቀን ያላስገቡትን ዝርዝር አውጥተው አንድ በአንድ ይደውሉላቸው፤ የይለፍ ቃል የጠፋበትና ስልክ የሌለው ያኔ ይታወቃል።