«ማን አየኝ» ብዬ ስድስት ቀን ሆስፒታል ተኛሁ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። እናትሽ በሚቀጥለው ወር በሆድ የሚደረገውን የኩላሊት እጥበት፣ ፒዲውን፣ እቤት ሊጀምሩ ነው። ኢንፌክሽን እንዳይዛቸው ምን ላድርግ ብለሻል። ነርሷ «ንጽሕና ጠብቁ» ብላ አለፈችኝም ብለሻል። እኔንም ያኔ እንደዚያው ነው ያሉኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ፒዲ ላይ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አንዴ ክፉኛ ስለተቀጣሁበት ልንገርሽ።

እጅ መታጠብ፣ ማስክ ማድረግ፣ መስኮት መዝጋት፣ ማራገቢያ ማጥፋት፤ ይሄን ሁሉ ሥልጠናው ላይ እስኪሰለቻችሁ ትሰሙታላችሁ። ብቻ እጅ ከታጠቡ በኋላ በወረቀት ፎጣ በደንብ ማድረቅ እንዳይረሳ። እርጥብ እጅ ጀርም ያጓጉዛል። አሁን ወደ ዋናው።

1. ፈሳሹ ወደ ሆድ የሚገባበትና የሚወጣበት ቱቦ ጫፉ ምንም ነገር ከነካ እንዳትቀጥሉ። ጠርጋችሁም ቢሆን።

ቅዳሜ ሹር ማታ ነበር። ያኔ ማሽን አልነበረኝም፤ ሆዴ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ እያወጣሁ በአዲስ ከረጢት ፈሳሽ በቀን አራቴ በእጄ ነው የምቀይረው። ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ እየተጣደፍኩ ነው። ከአዲስ አበባ ስልክ ይደወላል፤ የበዓል ስልክ ደግሞ አይዘጋም። አንገቴን ዘወር ሳደርግ ክዳኑ የተነሳው የቱቦ ጫፍ ብርድ ልብሱን ነካ አደረገው። ለቅጽበት ነው። ማን አየኝ ብዬ በአልኮል ጠረግ አደረግኩትና አዲሱን ከረጢት ገጠምኩት። ሁለት ሊትር ፈሳሽ ከነጀርሙ ሆዴ ገባ።

ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነበር። መቆለፊያውን ዘግቼ፣ ምንም ሳላስገባ፣ አዲስ ክዳን ገጥሜ መደወል። ክሊኒኩ ተረኛ ነርስ በሌሊትም አለው። ጠርታኝ ከሆዴ የምትወጣዋን አጭር ቱቦ፣ ትራንስፈር ሴት የሚሏትን፣ ትቀይርልኝ ነበር። ፈሳሽ ከገባም መከላከያ አንቲባዮቲክ ይሰጣሉ። ለምን አልደወልክም በይኝ። አፍሬ ነዋ! «ይሄ ሰውዬ አልቻለም፣ ወደ ማዕከል መልሱት» የሚሉኝ መስሎኝ፤ ደም በማሽን ወደሚታጠብበት ማለት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን አራት ሰዓት ወንበር ላይ ታስሮ መዋል ምን እንደሆነ ስለማውቀው ፈራሁ።

እሑድ ደህና ዋልኩ። ሰኞ ሆዴን ቆረጠኝ። ከሁለት ወር ጾም በኋላ ዶሮ ወጥ በልቻለሁ፣ ምን ይጠበቃል አልኩና ተልባ ጠጣሁ። የወጣውን ፈሳሽ ሳላየው መጸዳጃ ቤት ደፋሁት። ይሄ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው። ማክሰኞ ማታ ብርድ ብርድ ሲለኝ ከረጢቱን መብራት ላይ አነሳሁት። ጉሽ ጠላ! ጤነኛው ፈሳሽ እኮ ከረጢቱን ጋዜጣ ላይ ስታስቀምጪው ጽሑፉ ይነበባል።

ከረጢቱን በፌስታል ይዤ ድንገተኛ ክፍል ሄድኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራውም። ተቀባይዋ የዲያሊሲስ ታካሚ ነኝ ስላት ክንዴን ገልብጣ አየችና «መርፌ የሚገባበት የታለ?» አለችኝ። በሆድ ነው አልኳት። ቀና ብላም አላየችኝም። አምስት ሰዓት ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የመጣው ወጣት ሐኪም «የበላኸው ነገር ነው» ሲለኝ ፌስታሉን ፈትቼ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ያኔ ሩጫ ሆነ። አንዷ ነርስ ደግሞ ያለ ማስክ ቱቦዬን ልትከፍት መጣች። እጇን ያዝኩ። እንግሊዝኛዬ ኮልታፋ ነው፤ «ኖ ማስክ፣ ኖ ታች» ግን ጥርት አድርጌ አልኩ። ናሙናው ተወሰደ፣ ነጭ የደም ሴሉ ሞልቶበታል። ጤነኛ ፈሳሽ በአንድ ማይክሮ ሊትር ከመቶ በታች ነው የሚኖረው። አንቲባዮቲኩን በከረጢቱ ፈሳሽ ውስጥ እየጨመሩ ሆዴ ውስጥ አስገቡልኝ። ስድስት ቀን ተኛሁ፤ እቤትም ጨምሮ ሦስት ሳምንት ቀጠልኩ። ፈንገስ እንዳይከተለው ሌላ መድኃኒት አብረው ሰጡኝ፤ ፈንገስ ከገባ ቱቦው መውጣቱ ነው። ስለዚህ የደፈረሰ ነገር ካየሽ በዚያው ሰዓት ለፒዲ ነርሷ ደውይ፣ ከረጢቱንም አትድፊው።

2. የሆድ ድርቀት። ይሄን ማንም አይገምተውም። አንጀት ሲደርቅ ጀርሙ ከውስጥ ወደ ሆድ ዕቃ ሊሻገር ይችላል። እናትሽ ስለዚህ ጉዳይ ማውራት ያፍራሉ፣ እናቶቻችንን አውቃለሁ፤ አንቺ ጠይቂያቸው። ደም ውስጥ ያለው ማዕድን፣ ፖታሲየምም እንደዚሁ። ማዕከል ሳለሁ «ሙዝ እንዳትነካ» ይሉኝ ነበር፤ ፒዲ ላይ ደግሞ አነሰብህ ተባልኩ። ማነሱም ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ያለ ደም ምርመራ ግን ሙዝ እንዳትጀምሩላቸው።

ቱቦው ቆዳቸውን ቀዶ የሚወጣበትን ቦታ በየቀኑ አጽድታችሁ የታዘዘላቸውን ቅባት፣ የኔ ጄንታማይሲን ነው፣ ትቀባላችሁ። ቅርፊት ካለው እንዳትልጡት። ቱቦውን በፕላስተር ቆዳቸው ላይ አስይዙት፣ እንዳይጎተት። ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ የለም። ጸበልም እንደዚያው፣ ይሄን ሳልናገር አላልፍም። እኔ ቄሱን አስረድቻቸው ራሴን ብቻ አጠመቁኝ፤ ምንም አላሉም። ኮሎኖስኮፒ፣ አንጀትን በካሜራ የሚያዩበት ምርመራ፣ ከታዘዘላቸው ደግሞ ቀድመሽ ለፒዲ ነርሷ ንገሪ፤ ሆዳቸው ከፈሳሽ ባዶ መሆን አለበት፣ አንቲባዮቲክም ቀድሞ ይሰጣል።

ቁጥሩን ትቼዋለሁ መሰለኝ። ይቅርታ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር አንድም ኢንፌክሽን የለም። ነርሷ አዲስ ታካሚ ሲመጣ እኔን ነው የምትጠራው።

የመጨረሻው ነገር ሊጠይቅ የሚመጣ እንግዳ ነው። ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው፣ ሁሉም ይመጣል፤ ደጅ አቆይቶ መቀየር ነውር ይመስላቸዋል እናትሽ። ክፍሉ ውስጥ ሰው ተቀምጦ፣ ቡና እየተቆላ፣ እየተሳሳሙ መቀየር አይሆንም። እኔ በሬ ላይ በትልቁ «ዲያሊሲስ ላይ ነኝ፣ አርባ ደቂቃ ጠብቁ» ብዬ በአማርኛ ለጥፌአለሁ። አንዷ አክስቴ አንብባ ከነድፎ ዳቦዋ ተመለሰች። እስካሁን አልታረቀችኝም።